በሦስት ድምፅ የወደቀው የቤተ መጻሕፍት ሕግ



በስብሰባዎቻችን ላይ «ምርጫ ሲደርስ ዕጩዎችን ስለ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይሆንብንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ለመልሱ የሚረዳ ታሪክ ስፈልግ የአሜሪካ ሴቶች ማኅበራትና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሄዱበትን መንገድ አገኘሁ። ሙያዬ ሂሳብ ነውና ገንዘቡ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ። የአገራችንን አዋጆች ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠው በ1920 ነው። የቤተ መጻሕፍት ጥያቄያቸው ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1890 በጠቅላላ ፌዴሬሽን የተሰባሰቡት የሴቶች ክበባት መጻሕፍትን በእንጨት ሣጥን አሽገው ከመንደር መንደር ያዞሩ ነበር። አንዱ መንደር አንብቦ ሲጨርስ ሣጥኑ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ዛሬ ትልቅ ሕንፃ ያላቸው ብዙ የከተማ ቤተ መጻሕፍት የጀመሩት ሴቶች ከየቤታቸው ባዋጡት መጽሐፍና ሳንቲም ነው። ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና መዋጮ መጽሐፍ ይገዛል እንጂ የሠራተኛ ደመወዝ ከዓመት ዓመት አይከፍልም። ይህን የገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ጥያቄው ወደ መንግሥት በጀት መሄዱ አይቀርም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ገጠር ከ26 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ምንም ዓይነት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አልነበረውም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1945 በዋሽንግተን ቢሮ ከፈተ። በ1946 ደግሞ ሁለት እንደራሴዎች ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ በሴኔቱ የአላባማው ሊስተር ሂል፣ በተወካዮች ምክር ቤት የኢሊኖይዋ ኤሚሊ ታፍት ዳግላስ። ሐሳቡ ልከኛ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ለጥቂት ዓመታት ለገጠሩ ገንዘብ ሰጥቶ ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሚሠራ ያሳይ፣ ጥቅሙን ያዩ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይቀጥሉ የሚል ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ዳግላስ ተሸነፉ። ረቂቁ ካቀረቡት ሰዎች አንዷን ገና ከመጀመሪያው አጣ።

በ1950 ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ቀረበ። 161 ደገፉ፣ 164 ተቃወሙ። በሦስት ድምፅ ወደቀ። ቁጥሩን ስታዩት ከተቃወሙት ሁለቱ ብቻ ሐሳባቸውን ቢለውጡ 163 ለ162 ሆኖ ያልፍ ነበር። ከአራት መቶ በላይ አባላት ባሉት ምክር ቤት ብዙዎቹ በዚያ ቀን ድምፅ አለመስጠታቸውንም ልብ በሉ። የተቃዋሚዎቹ ሥጋት ደግሞ ጨርሶ የሚናቅ አልነበረም። ዋሽንግተን ገንዘብ ከሰጠ መጽሐፉንም እሱ ይመርጣል፣ አንዴ የተጀመረ ድጎማም አይቆምም ይሉ ነበር።

እኔን የሳበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከ1946 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት ስድስት አገር አቀፍ የምክር ቤት ምርጫዎች ተካሂደዋል። ምክር ቤቱን በ1946 ሪፐብሊካኖች፣ በ1948 ዴሞክራቶች፣ በ1952 እንደገና ሪፐብሊካኖች፣ በ1954 ዴሞክራቶች አሸነፉ። ፕሬዚዳንቱም ከትሩማን ወደ አይዘንሃወር ተቀየረ። ረቂቁ የአንድ ፓርቲ ንብረት ቢሆን ኖሮ በየሁለት ዓመቱ ከባለቤቱ ጋር ይወድቅ ነበር። የማኅበራቱ ሰዎች ግን የትኛውም ፓርቲ ወንበሩን ቢይዝ ያንኑ ጥያቄና ያንኑ ቁጥር ይዘው ይሄዱ ነበር። በሴኔቱ ከዴሞክራቱ ሂል ጎን የቬርሞንቱ ሪፐብሊካን ጆርጅ ኤይክን ቆሙ። ከምክር ቤቱ ውጭ ደግሞ የሴቶች ክበባት ፌዴሬሽን፣ የወላጆችና መምህራን ማኅበርና ግሬንጅ የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ደገፉት። የገበሬው ድምፅ ከባድ ነበር፤ የገጠር እንደራሴ የከተማ ምሁር ሲጠይቀውና ጎረቤቱ ገበሬ ሲጠይቀው አሰማሙ አንድ አይደለም። በዋሽንግተኑ ቢሮ ሥራውን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመራችው ጁሊያ ቤኔት ነበረች።

ወደ እኛ ጥያቄ ስመጣ፣ በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር። ብዙ ማኅበራት «መጠየቅ» የሚለውን ቃል ራሱ መፍራት የለመዱት ያኔ ይመስለኛል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶበታል። ለእከሌ ፓርቲ ድምፅ ስጡ ማለትና ሁሉንም ዕጩ «ለወረዳችን ማንበቢያ ቤት ምን ያህል በጀት ትይዛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ማኅበራችን አያደርገውም። ሁለተኛውን ግን የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

በ1954 ምርጫ ኢዲት ግሪን የተባሉ የኦሪገን መምህርት የነበሩ ሴት ወደ ምክር ቤት ገቡ። የቤተ መጻሕፍቱን ረቂቅ የመጀመሪያ ሥራቸው ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ አደረጉት። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ ከተቃዋሚዎቹ ሥጋት ብዙ ተምሯል። ሠራተኛና መጽሐፍ መምረጥ የክፍለ ግዛቶቹና የአካባቢዎቹ ሥልጣን እንደሆነ በግልጽ ሰፈረ። ገንዘቡ የሕዝብ ብዛታቸው ከ10,000 በታች ለሆነ ቦታዎች ብቻ ሆነ፤ መሬትና ሕንፃ አይገዛበትም፤ ዘመኑም አምስት ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የምርጫ ዓመት በነበረው በ1956፣ ጁን 19 ቀን ፈረሙት። ሲፈርሙም ዘመኑ የተወሰነው የፌዴራል ድጋፍ ሲያበቃ ክፍለ ግዛቶቹ እንደሚቀጥሉት እምነታቸውን ገለጹ። ከለጋሾች ጋር በምንፈርመው ውል ላይ «ዘላቂነት» የምትለዋን አንቀጽ የምታውቁ እዚህ ላይ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሕጉ በዓመት እስከ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት በጀት ግን 2,050,000 ዶላር ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት መነሻው 40,000 ዶላር ነው። ያኔ 48 ክፍለ ግዛቶች ነበሩ፤ አላስካ፣ ሐዋይና ፖርቶ ሪኮ ሲጨመሩ 51 ይሆናሉ። 51 በ40,000 ሲባዛ 2,040,000 ነው። የቀረው 10,000 የትንሿ የቨርጂን ደሴቶች ድርሻ ነው። ማለትም በጀት መዳቢዎቹ የሰጡት መነሻውን ብቻ ነው፤ እንደ ገጠሩ ሕዝብ ብዛት ሊከፋፈል ከነበረው ላይ አንድ ዶላር አልጨመሩም። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ በጀት ማስያዝ ሌላ ነው የምለው ለዚህ ነው። የማኅበራቱ ሥራም በየዓመቱ በበጀት ሰሞን ቀጠለ።

ክፍለ ግዛቱም ከራሱ ካዝና መጨመር ነበረበት። የፌዴራሉ ድርሻ እንደ ነፍስ ወከፍ ገቢው ከ33 እስከ 66 በመቶ ነው፤ ድሃው ብዙ ያገኛል፣ ሀብታሙ ጥቂት። ሁሉም ወዲያው አልተቀበለም። ኢንዲያና ለተወሰኑ ዓመታት ገንዘቡን አልፈልግም ብላለች። ሌሎቹ ግን ባለሙያ ቀጠሩ፣ መጽሐፍ ጭነው በየመንደሩ የሚዞሩ መኪኖች ገዙ።

አንድ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ጎድሎ ነበር፤ ይህን ዘልዬ ብሄድ ታማኝ ሂሳብ ሠራተኛ አልሆንም። የገጠሩ ሕዝብ ሲቆጠር ጥቁሮችም ተቆጥረዋል፤ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ግን በር አይከፍቱላቸውም ነበር። ሕጉ ስለዚህ ዝም አለ። ረቂቁን አሥር ዓመት የተሸከሙት ሴናተር ሂል ራሳቸው፣ በዚያው በ1956 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየትን የሻረውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚቃወም መግለጫ ከፈረሙት የደቡብ እንደራሴዎች አንዱ ናቸው። በመጋቢት 1961 በሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ ዘጠኝ የቱጋሉ ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች በተከለለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ለማንበብ በመቀመጣቸው ታሰሩ።

ሕጉ በ1960 ለአምስት ዓመት ተራዘመ። በ1964 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት አዲሱ ሕግ የ10,000 ሕዝብ ገደቡን አንስቶ ከተሞችን ጨመረ፤ ለአገልግሎት 25 ሚሊዮን፣ ለሕንፃ ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት የዜጎች መብት ሕግ ወጣ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በዘሩ ምክንያት ከአገልግሎቱ እንዳያገልል ተከለከለ። 1956፣ 1960፣ 1964፤ ሦስቱም የፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመታት ነበሩ።