የዒድ ጨረቃና «ተባለ»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ! ዒድ ሲደርስ ሥራህን ዘግተህ፣ ልጆችህን አልብሰህ፣ ተክቢራ እያልክ ለሶላት ትወጣለህ። ይህ የዕረፍት ቀን እንዴት እንደተገኘ ለልጆችህ ነግረሃቸዋልን?

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። በዓሎቻችን ከብሔራዊ በዓላት አይቆጠሩም ነበር። እኛም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንባል ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ተሰልፎ 13 ጥያቄዎችን አቀረበ። አንዱ የበዓላቱ ጥያቄ ነበር። ፍትሕ የወደዱ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐ (አረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

ይህ ሁሉ ለምን ዘገየ? አንዱ ምክንያት አገሪቱ «የክርስቲያን ደሴት» ናት፣ ሙስሊሙም ኋላ የመጣ ነው የሚለው አባባል ነበር። አባባሉን ያመኑት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ከአባቶቻቸው ሰሙት እንጂ አልመረመሩትም። ቢመረምሩ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሶሓቦች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615፣ ገና መዲና የሙስሊሞች ከተማ ሳትሆን፣ ሐበሻ ምድር መግባታቸውን ባወቁ ነበር።

ነገር ግን ወንድሜ፣ እህቴ ሆይ! ያልተጣራ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ሰው ብቻ አይደለም። የእነዚያኑ ስደተኞች ታሪክ ተመልከት። በረጀብ ወር ወጥተው በሐበሻ ሰላም አግኝተው ሳለ፣ «ቁረይሾች ሰለሙ» የሚል ወሬ ደረሳቸው። የሚመኙት ነገር ስለነበር ልባቸው ተቀበለው። በሸዋል ወር ተመልሰው መካ አጠገብ ሲደርሱ ወሬው ሐሰት ሆኖ አገኙት። ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ.) ከተማዋ የገቡት በአንድ ሙሽሪክ ጥበቃ ሥር ነበር። እነዚህ ከምርጦቹ ትውልድ ናቸው። መልካም ወሬ እነርሱን ካሳሳተ፣ እኛንማ እንዴት አያሳስተን!

እኔም በዚህ ጉዳይ የምናዘዘው አለኝ። የአሥራ አምስት ዓመት ደረሳ ሳለሁ በረመዷን 29 ማታ «ጨረቃ ታየች» የሚል ወሬ ከተማችን ገባ። ደስ ብሎኝ ከቤት ቤት እየሮጥኩ አደረስኩት። አንዲት አዛውንት ከደጃቸው ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ አየሃት ወይ?» አሉኝ። «ታይታለች ተብሏል፣ እማማ!» ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ከፊሉ ሕዝብ አፍጥሮ ዒድ ሰገደ፣ ከፊሉ ጾሙን ቀጠለ። ኋላ ሲጣራ ጨረቃዋን ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ወሬውን ያመጣው አንድ መንገደኛ ሲሆን፣ እርሱም ከሌላ መንገደኛ የሰማው ነበር። አዛውንቷ በሸዋል ያንን ቀን ቀዷ አወጡ፤ እኔን ግን በክፉ ዓይን እንኳ አላዩኝም። በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጡ የነበሩ ጎረቤታሞች ግን «ጾም አፍራሽ»፣ «ዒድ ከልካይ» ተባብለው እስከ አረፋ ድረስ ሰላምታ ተነፋፈጉ።

የእማማን ጥያቄ ክብደት ያወቅሁት ኪታብ ስቀራ ነው። ኩረይብ በሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ዘመን ለጉዳይ ወደ ሻም ተልከው ሳለ የረመዷን ጨረቃ ለዓርብ አጥቢያ ታየች። በወሩ መጨረሻ መዲና ሲመለሱ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መቼ እንደታየች፣ ቀጥሎም ኩረይብ ራሳቸው አይተዋት እንደሆነ ጠየቋቸው። ኩረይብም ማየታቸውን አረጋገጡ። የመዲና ሰዎች ግን ያዩዋት ለቅዳሜ አጥቢያ ነበርና ኢብኑ ዐባስ በመዲናው እይታ ጸኑ። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ተለያይተዋል። ከፊሎቹ የአንድ አገር እይታ ለሁሉም ይበቃል ሲሉ፣ ከፊሎቹ ለየአገሩ የራሱ እይታ አለው ብለዋል። ልብ በል! ኢብኑ ዐባስ በኩረይብ አልተቀየሙም፣ ሐሰተኛም አላሏቸውም። የዒድ ቀን ልዩነት ከሶሓቦች ዘመን ጀምሮ ቦታ ነበረው፤ ያልተጣራ ወሬና ስድብ ግን ቦታ አልነበራቸውም።

ምናልባት «ወሬው ለዲናችን የሚጠቅም ከሆነስ?» ትል ይሆናል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ዝም ቢሉ ክብራቸው በሕዝቡ ዘንድ በጨመረ ነበር። እርሳቸው ግን ከነሐዘናቸው ተነስተው ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተዓምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። በሐሰት መከበርን አልወደዱም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ! ዛሬ ወሬ የሚሮጠው በደረሳ እግር ሳይሆን በእጅ ስልክ ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ አዝዞናል። «ተባለ» ባለቤት የለውም፤ ለጥፋቱም ቀዷ የሚያወጣ የለም። የዒድ ዋዜማ ወሬ ሲደርስህ ወደ ሌላው ከማሻገርህ በፊት «አየህ ወይ? ማን አየ?» ብለህ ጠይቅ። ከመስጊድህ ውሳኔ ጋር ሁን። ጎረቤትህ በሌላ ቀን ቢያከብር በሩን አንኳኩተህ «ዒድ ሙባረክ» በለው። አባቶቻችን በአደባባይ ቆመው ያስከበሩትን ቀን እኛ በጓዳ ወሬ አናበላሸው።

አላህ እውነትን አይተው ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን።