ከጋፋት እስከ ቢሾፍቱ፦ የጦር አብራሪን ማን ያሠልጥን?

የጦር አውሮፕላን አብራሪን ሲቪል ያስተምረው ወይስ ወታደር የሚለው ክርክር በእኛ አገር ሲነሣ ከአየር ኃይሉ መቀመጫ ከቢሾፍቱ ይጀመራል። ይህ ጸሐፊ ግን ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት መጀመርን ይመርጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ መድፍ ያስቀለጧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወታደሮች አልነበሩም። ቴዎዶር ቫልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሪ የሆኑ ባለእጆች ናቸው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከእነርሱና አብረዋቸው ከሠሩ ኢትዮጵያውያን እጅ ወጣ፤ ከደብረ ታቦር ደጋ ተነሥቶም በሰው ጉልበት እየተጎተተ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው የእሮጌ ጦርነት ግን ከፋላ አምባ የተተኮሰው የመድፍ ጥይት አብዛኛው ጠላትን አልፎ ወደቀ። መድፍ ሠሪ ተገኝቷል፤ ርቀት ለክቶ፣ ባሩድ መጥኖ የሚተኩስ በቂ መድፈኛ ግን አልነበረም።

በአየር ኃይላችን ታሪክም መሣሪያውን ማወቅና በመሣሪያው መዋጋት ለየቅል ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ከቺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን መካኒክና የበረራ መምህር ነበር፤ የኮሎኔልነት ማዕረግ ያገኘው እዚሁ ነው። በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ። ከእርሱ በኋላ ሥልጠናውን ዐሥር ዓመት ያህል የመራው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ደግሞ የኬኤልኤም አየር መንገድ አብራሪ ነበር። ስለዚህ «ሲቪልም ይበቃል» የሚሉ ወገኖች ስሙን ይጠቅሳሉ። ማስረጃው ግን አይጸናላቸውም፤ ሰውየው በ1932 ዓ.ም. ለፊንላንድ ተሰልፎ የመንገደኛ ዲሲ-2 አውሮፕላንን ቦምብ ጣይ አድርጎ የተዋጋ ነው።

የተሻለው አሠራር ሮቢንሰን በተማረበት በአሜሪካው ተስኪጊ ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አብራሪዎችን ሥልጠና የመጀመሪያውን ደረጃ በአልፍሬድ አንደርሰን የሚመሩ ሲቪል መምህራን ሞተን ፊልድ በተባለው ማረፊያ ያስተምሩ ነበር፤ ከፍተኛውን ደረጃ የጦር መኮንኖች በጦሩ አውሮፕላን ማረፊያ ይሰጡ ነበር። ሲቪል መምህር በየጊዜው ስለማይዛወር መነሣትንና ማረፍን ሳይሰለች ደጋግሞ ያለማምዳል፤ ጦርነት ሲነሣም ወደ ግንባር አይጠራም። የክንፍ ለክንፍ በረራ፣ ተኩስና ዒላማ ግን ዒላማው መልሶ የተኮሰበትን ሰው ልምድ ይጠይቃሉ፤ ይህን ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም።

በእኔ ፍርድ የመጀመሪያው ደረጃ ለልምድ ባለጸጋ ሲቪሎች ሊሰጥ ይችላል፤ የውጊያው ትምህርት ግን ከተዋጊ መኮንን እጅ መውጣት የለበትም።