የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎች ልዩነትና የጨጓራ ሕክምና በጎንደር

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጨጓራ ሕመም ከተመረመሩ 215 ሰዎች መካከል በ85.6 በመቶው ደም ውስጥ በጨጓራ የሚኖረውን ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። ቁጥሩ ከፍተኛ በመሆኑ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ሆኖም የደም ምርመራ ሰውየው ባክቴሪያው እንደያዘው ወይም ይዞት እንደነበር ይጠቁማል እንጂ ዝርያው ምን እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ አያሳይም፤ የተለመደው የሰገራ ምርመራም ይህን አይመልስም። ኤች ፓይሎሪ ከታወቁት ባክቴሪያዎች ሁሉ በዘረመሉ እጅግ ከሚለያዩት አንዱ ስለሆነ፣ ሁሉንም ታካሚ በአንድ ማዘዣ ማከም በግምት ማከም ነው።

ልዩነቱ ጥንታዊ ነው። ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ከዛሬ 58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ልጅ ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ እንደወጣ ይገምታሉ፤ የአካባቢያችን ቡድንም የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ተብሎ ለብቻው ተመድቧል። በሕክምና ረገድ ብዙ የተጠናው ካግኤ የተባለው ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል ያለው ዝርያ ጨጓራን አብዝቶ ያስቆጣል፣ ለቁስለትና ለካንሰርም ያጋልጣል። የሚገርመው ግን ከሕክምና የማምለጥ ዕድሉ ሰፋ ብሎ የተገኘው ካግኤ የሌለው ዝርያ መሆኑ ነው። አንደኛው ማብራሪያ በተቆጣ ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያው ፈጥኖ ስለሚራባ ለአንቲባዮቲክ ይበልጥ ይጋለጣል የሚል ነው።

ከካግኤ ይልቅ በእኛ አገር የሚያሳስበው መድኃኒትን መላመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጥናት ከታካሚዎች የተገኙት ባክቴሪያዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሜትሮኒዳዞልን እንደተላመዱ አሳይቷል። ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የሚያሻ አይመስለኝም። ሆዱን የቆረጠው ሰው «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፤ ጥቂት ቀን ውጦ ሲሻለው ይተወዋል። በጨጓራው የተቀመጠው ኤች ፓይሎሪም አብሮ መድኃኒቱን ይቀምሳል። አርዲኤክስኤ የተባለው ዘረመሉ የተበላሸበት ባክቴሪያ መድኃኒቱን ወደ ገዳይነት መለወጥ ስለማይችል ይተርፋል፣ ይራባል። ክላሪትሮማይሲን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ለመቋቋም ደግሞ በራይቦዞሙ አርኤንኤ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ትበቃለች።

«የሦስትዮሹ ሕክምና እየሠራ ምን አስጨነቀን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሕክምና ክላሪትሮማይሲንን፣ ሌላ አንቲባዮቲክንና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒትን ያጣምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የባሕር ዳር ጥናት በእርግጥም 90 በመቶ ገደማ ታካሚዎች ከባክቴሪያው እንደጸዱ ዘግቧል። ውጤቱ የሚያበረታታ ነው፤ ሕክምናውን ዛሬውኑ እንድንተውም አያስገድድም። ነገር ግን የአንድ ከተማ ውጤት ለጎንደር አካባቢ ወረዳዎች ለወገራና ለጃናሞራ ዋስ አይሆንም። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው ዝርያ ከ15 በመቶ ሲያልፍ መድኃኒቱን ያለ ምርመራ መስጠት እንዲቆም ይመክራሉ፤ ያንን መስመር ማለፍ አለማለፋችንን ሳንለካ ማወቅ አንችልም። ሌላው ክርክር ሕክምናው ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱን በታካሚው ሰውነት ላይ ይጥላል። ኦሜፕራዞልን በፍጥነት የሚያስወግድ የዘረመል ዓይነት በኢትዮጵያውያን ዘንድ 18 በመቶ ገደማ ድርሻ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል፤ ክርክሩም ውኃ የሚያነሣ ነው። ሆኖም የኦሜፕራዞልን መጠን በመጨመር ይህን ማካካስ ሲቻል፣ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደን ባክቴሪያ በዚያው ክላሪትሮማይሲን መርታት አይቻልም።

የወጪው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ባክቴሪያውን ማሳደግ የኢንዶስኮፒ ናሙና፣ ኦክስጅን ያነሰበት አየርና የቀናት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህን ከደባርቅ ሆስፒታል መጠበቅ አይገባም። የክላሪትሮማይሲኑን ለውጥ ግን ከሰገራ ናሙና በፒሲአር መለየት ይቻላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ለረጅም ዓመታት ያካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል አለው፤ ናሙና ለመሰብሰብ ከባዶ አይነሣም። ሥራው የመጀመሪያው ሕክምና ባልሠራላቸው ታካሚዎች ይጀመር። እስከዚያው ሐኪሞቻችን ክላሪትሮማይሲን ላልፈወሰው ሰው ያንኑ ክላሪትሮማይሲን ደግመው አይዘዙ።