አይሞቀው፣ አይበርደው

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነገሩን ከቁብ ሳይቆጥር ዘና ብሎ የሚያልፍን ሰው «ኖንሻላንት» ይሉታል። ቃሉን የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ነው፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከላቲን። ሥሩ «ካሌሬ» የሚል ግስ ሲሆን ትርጉሙ «መሞቅ» ነው። ኖንሻላንት እንግዲህ ነገሩ የማይሞቀው ሰው ነው ማለት ነው። አማርኛችን ከላቲን ጋር ጉርብትና ሳይኖረው «አይሞቀው፣ አይበርደው» የሚለው ነገር ታዲያ አይገርምም? እኛን ገርሞናል። እንዲያውም የእኛው ይብሳል፤ የእነሱ ሙቀቱን ብቻ ሲከለክል የእኛው ብርዱንም ነፍጎታል።

ሌላው ቃላቸው «ኢንዲፈረንት» ነው። ይኼኛው በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ምስጋና ነበር፤ ለከሳሽም ለተከሳሽም ሳያዳላ የሚፈርድ ዳኛ «ኢንዲፈረንት» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ዳኛን እንዲህ ብሎ ማሞገስ አይታሰብም። የእኛም «ግድ የለም» ሁለት ፊት አለው። ሰው ሲያዝን «ግድ የለም፣ ያልፋል» ብንለው ማጽናናት ነው። ያንኑ አጣብቀን «ግዴለሽ» ስንለው ግን ስድብ ሆኖ ቁጭ ይላል።

እኛን የሚያሳስበን ስድቡ ማን ላይ እንደሚለጠፍ ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን ስንወጣ ብዙ ዜናና ሪፖርት አንብበናል። ገበሬው ሲታመም «በግንዛቤ እጥረትና በግዴለሽነት» የምትለዋ ሐረግ ከች ትላለች። መሥሪያ ቤት ሲዘገይ ግን «ችላ ተብሎ ቆይቷል» ይባላል። ማን ችላ እንዳለው አይነገርም። ወደ ፎገራ የምንወስዳችሁም ለዚህ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ ወረታ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ። ዙሪያው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ጣና ከመግባታቸው በፊት በክረምት የሚተኙበት፣ በከብቱና በሩዙ የታወቀ አገር። ውኃ ባለበት ትንኝ አለ፣ ትንኝ ባለበት ወባ አለ። ስለዚህ እዚያ ትኩሳት ሲመጣ ታማሚውም ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከፎገራ በስተሰሜን በሚገኘው ሊቦ ከምከም ወረዳ አንድ ግራ የሚያጋባ ትኩሳት ሰው ይገድል ጀመር። የወባ መድኃኒት ይሰጣል፣ ትኩሳቱ አይበርድም። ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። እውነቱ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ አገር ሁሉ በምርጫ ትኩሳት ላይ በነበረበት በዚያው ወር። በሽታው ካላ አዛር ነበር።

ካላ አዛር ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። በሁመራና በመተማ ቆላ ለዓመታት ይታወቃል። የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ታስተላልፈዋለች፤ ካልታከመ ከሞት የሚተርፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ደጋ ቀመሱ ሊቦ ከምከም ላይ ግን የጠበቀው አልነበረም። ተመራማሪዎች አመጣጡን ሲያስረዱ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞችን ያነሳሉ። አንድ ገበሬ ልጆቹን ለማብላት ቆላ ወርዶ የያዘውን በሽታ በግዴለሽነት መዝገብ ላይ ማስፈር ይከብደናል።

ሕክምናው አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ተከፈተ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም አገዙ («የለሽ» ካልቀረ እንዲህ ያለው ይሻላል)። ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ ቀበሌዎች ሰው ይጎርፍ ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ታማሚዎች ታከሙ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊትም ያሉበት ቤት ያው ነበር። የተለወጠው ነገር የበሽታው ስም መታወቁና መድኃኒቱ መምጣቱ ነው።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው የፈረንጆች 2005 የዓለም ጤና ድርጅት ካላ አዛርንና መሰሎቹን የሚከታተል ክፍል አቋቋመ። በእንግሊዝኛ ያወጣላቸው የወል ስም «ችላ የተባሉ» የሚል ነው። ቃሉ የመጣበት የላቲን ግስ «አለማንሳት» እንደማለት ነው፤ መሬት ላይ ወድቆ እያዩ ማለፍ። ችላ የተባለ ካለ ችላ ያለም አለና ስያሜው ቢያንስ ጥያቄ ያስነሳል። በአማርኛ ግን «ትኩረት የሚሹ» ተብለው ሲጻፉ እናያለን። ተርጓሚው ክፉ አስቦ ነው አንልም። ነገር ግን በሽታው ራሱ ትኩረት ለማኝ ሆኖ ቀረ፤ የነፈገው ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄደ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ዋነኛ ሕክምና በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው፣ ለ30 ቀናት ያህል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የእርሻ ወቅት ነው። ከቤቱ ርቆ አዲስ ዘመን የከረመ አራሽ በሬውን ለሰው ይሰጣል፣ ሰው ካጣም መሬቱ ጦሙን ያድራል። ልጁን ይዞ የመጣ አባትም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ አስልተው ነው የመጡት።