ዜና ኖርማን ማንሊ፣ ጠበቃና የጃማይካ መሪ

በእግዚአብሔር ስም ጀምረን፣ በካሪቢያን ባሕር በጃማይካ ደሴት ስለ ተነሡት ስለ ኖርማን ዋሽንግተን ማንሊ እንጽፋለን። የጻፍናቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1893 ሐምሌ 4 ቀን በማንችስተር አውራጃ፣ ሮክስበሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለ ሞቱ እናታቸው ብቻቸውን አሳደጓቸው። እግራቸውም ፈጣን ነበረ፤ በ1911 በትምህርት ቤቶች ውድድር 100 ያርዱን በ10 ሰከንድ ሮጡ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ተማሪ ሁሉ እስከ 1952 ድረስ ያንን ሰዓት አላለፈውም።

በ1914 የሮድስን ስኮላርሺፕ አግኝተው ኦክስፎርድ ገቡ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መድፈኛ ሆነው ዘመቱ፤ ስለ ቆዳቸው ቀለም ከገዛ ጓዶቻቸው ብዙ ንቀት ታገሡ፤ ስለ ጀግንነታቸውም ሜዳልያ ተሸለሙ። በ1917 ወንድማቸው ሮይ በጦር ሜዳ ወደቀ፤ ነፍሱን ይማር። በ1921 ቀራፂዋን ኤድናን አገቡ፣ የጥብቅና ማዕረግም ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ዓመት አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ስላሉት ዓመታት የኪንግስተን ችሎት ይመስክር፤ ባላንጣ የሆነ ጠበቃ ሁሉ ይፈራቸው ነበርና።

በ1938 ግን እግዚአብሔር የድሆችን ጩኸት ሰማ። በግንቦት ወር መባቻ በፍሮም የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ደሞዛቸው ተነሡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ። እሳቱ ወደ ኪንግስተን ወደብ ተሻገረ። የማንሊ ዘመድ አሌክሳንደር ቡስታማንቴም ሕዝቡን ሲመሩ ተይዘው ታሰሩ። የወደቡ ሠራተኞችም፦ «ቡስታማንቴ ሳይፈቱ አንድ ከረጢት አናነሣም» አሉ። ያን ጊዜ ማንሊ የሀብታም ጉዳይ የሞላበትን ቢሯቸውን ትተው በሠራተኞቹና በእንግሊዙ ገዢ መካከል ቆሙ፤ ስለ ደሞዝ ተከራከሩ፣ ስለ እስረኛው ማሉ፤ በግንቦት 28 ቀንም ቡስታማንቴ ተፈቱ። ለዚህ ሥራ አንድ ሽልንግ አልተቀበሉም። ብዙ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ አይተናል፤ አንደበቱን ለማይከፍለው የሰጠ ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም 18 ቀን በኪንግስተን ዋርድ ቴአትር ሕዝብ ተሰበሰበ። ከእንግሊዝ አገር የመጡት የፖለቲካ ሰው ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ በዚያ ነበሩ። የሕዝብ ብሔራዊ ፓርቲ ተመሠረተ፤ ማንሊም መሪው ሆኑ። ባለ ርስትና ባለ ገንዘብ ብቻ ይመርጥ በነበረበት አገር፣ አገልጋይዋም አገዳ ቆራጩም ድምፅ ይስጡ ብለው ስድስት ዓመት ደከሙ፤ በ1944 ሆነ። የዚያ ዓመት ምርጫ ለቡስታማንቴ ወጣ።

በ1952 ከፓርቲያቸው አራት ሰዎች ተባረሩ።

በ1955 ድል አደረጉ፤ ከ32ቱ መቀመጫ 18ቱን ይዘው ዋና ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1959ም ከ45ቱ 29ኙን ያዙ። የራስታፈሪ ወገኖች በየመንገዱ በሚሰደቡበት ዘመን፣ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ኑሯቸውን አጥንተው በ1960 ያቀረቡትን ጽሑፍ ተቀበሉ፤ በ1961ም ወደ አፍሪካ መልእክተኞች ላኩ፤ ከራስታፈሪዎቹም ሦስቱ ከመልእክተኞቹ ጋር ሄዱ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። የተናቀን ሰው መልእክተኛ አድርጎ በንጉሥ ፊት ማቆም የታላቅ ልብ ሥራ ነው።

በ1961 መስከረም 19 ቀን፣ ጃማይካ በካሪቢያን ደሴቶች ኅብረት ትቆይ ወይስ ትውጣ ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ሕዝቡም መውጣትን ወደደ። በ1962 ሚያዝያ መንበሩ ወደ ቡስታማንቴ ሄደ፤ ነሐሴ 6 ቀን ነፃነት መጣ። ያ ነፃነት የተጻፈበትን ሕገ መንግሥት ከጻፉት ቀዳሚው ማንሊ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም።

በ1969 የፓርቲውን መሪነት ልጃቸው ማይክል ተረከበ። መስከረም 2 ቀን ማንሊ ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ብሔራዊ ጀግና ተባሉ፤ ቡስታማንቴም ከእርሳቸው ጋር።