በግ ያለበሰው ደጋ

ጥጥ ብርድ አይወድም። መንገዱ ከቆላ ተነሥቶ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ሽቅብ ሲወጣ ጥጡ ታች ይቀራል፤ እስከ ላይ አብረው የሚዘልቁት ገብስና በግ ናቸው። የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ራቤል ያለችው በዚህ ደጋ ነው። ለአገሩ ሰው ነጭ ሸማ፣ ጥጡ ከቆላ ገበያ ተገዝቶ የሚመጣ፣ ለዓመት በዓልና ለቤተ ክርስቲያን ተጣጥፎ የሚቀመጥ ልብስ ነው። የሌሊቱን ውርጭና የጧቱን ንፋስ የሚመክተው ግን ሌላ ነው፦ ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ። ሦስቱም ከበግ ጠጉር ይሠራሉ።

የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር፣ ላቱ ወፈር ያለ ነው። ከላይ ሸካራና ረዥም ጠጉር አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ሱፍ። ከአገራችን የበግ ዝርያዎች ሱፍ የሚያበቅሉት ጥቂት ናቸው፣ እሱ አንዱ ነው። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ የልብሱም ቀለም ይኸው ነው። ባና ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ መስመር ማቅለሚያ ያልነካው፣ ሁለት በጎች ጎን ለጎን የሰጡት መልክ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በሴቶች እጅ ነው። ጠጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፣ በጣት ይለቃቀማል፣ ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በተነረተ ቁጥር የተቋጠረው ሱፍ ይፈታና እንደ ጉም ይነሣል። ቀጥሎ እንዝርት ነው። ፈታይዋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቃለች፣ ሱፉን በጣቶቿ መሐል እየሳበች ታቀጥናለች፣ ክሩ ሲረዝም መልሳ ትጠቀልላለች። አንድ ባና ለመሥራት የሚበቃ ልቃቂት እስኪጠራቀም ስንት ምሽት እሳት ዳር እንደሚታደር ማስላት ለሚፈልግ፣ የፈተለችን ሴት መጠየቅ ነው። ሸማኔው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ ድሩን በእግሩ ይከፍታል፤ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ከእጁ የሚወጣው ጠባብ ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተሰፍተው ሙሉ ልብስ ይሆናሉ።

ይህን የሠራ ሰው ስሙ አልተጻፈም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ነውሩ የተሳዳቢው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከለከሉ፤ ባለ እጅን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርም አስታወቁ። ዐዋጅ ማስፈለጉ ብቻውን ስድቡ የቱን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ስሙ ከዐረብኛ የመጣው በርኖስ የመኳንንትም የባላገርም መደረቢያ ነበር። የመንዙ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ እስከ ጉልበት ይወርዳል። አንዱ ትከሻው ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ሾጣጣ ጫፍ አለችው። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ይህችን ጫፍ ያየ ሰው በርኖስን ከማንኛውም ካባ ይለየዋል።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሣር ይለበሳል። የጓሳ ሣር ተጎንጉኖ ገሳ ይሆናል፤ እረኛው ገሳውን ጣል አድርጎ ከበጎቹ ኋላ ሲሄድ ዝናቡ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሣሩ ከግሼ በስተ ደቡብ፣ መንዝ ጌራ ውስጥ ካለው የጓሳ ሜዳ ይገኛል። ሕዝቡ ያንን ሜዳ ለ400 ዓመታት ያህል ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ባለ ርስቶቹ ያጭዳሉ። ሥርዐቱ የላላው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብስ በዚህ አገር ከሸማኔው ጉድጓድም አልፎ ከግጦሽ ሕግ ጋር የተሳሰረ ነገር ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ተቀመጠ? ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ። ዕቃዎቹን በሰው ዕድሜ ተራ፣ ከልጅነት እስከ ሞት ነው የደረደራቸው። ጎብኚ እዚያ ገብቶ የሕዝቡን ኑሮ ከሞላ ጎደል ያያል። የጥንቱን ረቂቅ ሽመና የፈለገ ግን ባሕር መሻገር አለበት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ከሐር የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከ5 ሜትር የሚበልጥ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች አሉ፤ አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩነሽ ባለ ሐር ጥልፍ የጥጥ ቀሚስም ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገብቷል። ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሐሩና ጥልፉ፣ ተዘርፎም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ አለ።

ባና ግን እስከ መጨረሻው ይለበሳል እንጂ አይቀመጥም። አዲስ ሳለ ለእንግዳ ይነጠፋል። ሲያረጅ የልጆች መኝታ ይሆናል፤ ሲሳሳ በአህያ ጀርባ ላይ ከጭነቱ ሥር ይገባል፤ በመጨረሻም የበር ሥር ንፋስ ይደፍናል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ባና ማግኘት የንጉሥ ካባ ከማግኘት ይከብዳል።

በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ፤ ከተማዋም በሱፍ ምንጣፏ ስሟ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያው የበግ ማራቢያ ማእከል ተቋቋመ፤ በኋላም አዋሲ የሚባለው ዝርያ ከውጭ መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ ገበሬው በጉን የሚያየው ይበልጡን በሥጋ ዋጋው ነው። ከውጭ የሚመጣው ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የፈታይዋንም ምሽት አይጠይቅም።

ራቤል ላይ የአንድ ክፍል ቤተ መዘክር ለማቋቋም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ደጋንና እንዝርት፣ ጥቁርና ነጭ ልቃቂት፣ አንድ ገሳ፣ ትከሻው ሾጣጣ አንድ በርኖስ ይበቃሉ። ባናው ግን አዲስ መሆን የለበትም። የተጣፈ፣ የገመድ ምልክት ያለበት፣ የጭስ ሽታው ያልለቀቀው ይሁን፤ ከጎኑም የፈተለችው ሴትና የሸመነው ሰው ስም፣ ከነአባታቸው ይጻፍ።