የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የአንዲት ትንሽ ፓርቲ ክርክርና የሁለት ዋና ከተሞች ዕጣ

ከግሪንቤልት የሚነሳው አረንጓዴ መስመር ባቡር ኮሌጅ ፓርክንና ሃያትስቪልን አልፎ ፎርት ቶተን ሲደርስ፣ ተሳፋሪው ሳያስተውለው አንድ ድንበር ይሻገራል። ሜሪላንድ አብቅቶ ዲሲ ይጀምራል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ነዋሪ እንደ እኛው ለፌዴራል መንግሥት ግብር ይከፍላል፣ በጦር ሠራዊቱም ያገለግላል፤ ሴናተር ግን የለውም። ከተማዋ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው እንደራሴም መናገር እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም።

ባቡሩ ጥቂት ጣቢያዎችን አልፎ ዩ ስትሪት ያወርደናል። እዚያ፣ በ9ኛው መንገድ ዙሪያ ባሉት ቤቶቻችን ቡና ይዘን ስለ አዲስ አበባ እንከራከራለን። ማን ያስተዳድራት? ሥልጣኗስ ከማን ይመንጭ? የተቀመጥንባት ከተማ ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት ለብዙ ዘመን ስትጠይቅ እንደኖረች ግን እምብዛም አናነሳም።

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ በአንድ ወቅት የዲሲ አካል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1846 ነዋሪዎቿ ወደ ቨርጂኒያ ለመመለስ ድምፅ ሰጥተው ወጡ። ከወንዙ ወዲህ የቀረው ግን ከ1874 ጀምሮ ለ90 ዓመት ያህል ፕሬዚዳንቱ በሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ተገዛ። ነዋሪው ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት ያገኘው በ1961 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የራሱን ከንቲባ ግን ገና አይመርጥም ነበር።

በ1970 ሳም ስሚዝ የተባለ ጋዜጠኛ ዲሲ ራሷን የቻለች ክፍለ ግዛት እንድትሆን የሚሞግት ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡን ይዞ የተነሣው ጁልየስ ሆብሰን ነው። ሆብሰን በሙያው የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ በጠባዩ ደግሞ የማይበገር ተሟጋች ነበር። ከተማዋ በድኾች ሰፈር የሚርመሰመሱትን አይጦች ችላ ስትል፣ አይጦቹን እያጠመደ በሀብታሞቹ ጆርጅታውን እለቃቸዋለሁ ብሎ ያስፈራራ ሰው ነው። ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ዝቅተኛ ክፍሎች የሚመድበውን የትምህርት ቤቶች አሠራር ከስሶም በ1967 ረትቷል። በ1971 የዲሲ ስቴትሁድ ፓርቲን ወክሎ ለእንደራሴነት ተወዳደረ፤ በቄስ ዋልተር ፎንትሮይ ተሸነፈ።

የፓርቲው ክርክር አጭር ነበር። ኮንግረስ በተራ ሕግ የሰጠውን ኮንግረስ በተራ ሕግ ይነሳል። ክፍለ ግዛትነት ግን አንዴ ከተሰጠ የሚመለስ አይደለም።

ከፎንትሮይ ጋር የቆሙት ደግሞ የሚገኘውን እንያዝ፣ ሌላው ይደርሳል አሉ። ሞኞችም አልነበሩም። የከተማዋን ጉዳይ በኮንግረስ አንቆ የያዘውን የደቡብ ካሮላይናውን ጆን ማክሚላንን በገዛ ወረዳው ድረስ ሄደው ተቀሰቀሱበት፤ በ1972 ወንበሩን አጣ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ራስን በራስ የማስተዳደር ሕጉ ጸደቀ። ሆብሰንም በ1974 በተመረጠው ምክር ቤት ውስጥ ገባ። በ1977 ሲያርፍ ሂልዳ ሜሰን ተተካች፤ ትንሿ ፓርቲም እስከ 1999 መጀመሪያ ያችን አንድ ወንበር ይዛ ቆየች።

ሕጉ ከንቲባና ምክር ቤት ሰጠ፤ ገመዱን ግን ከእጁ አልለቀቀም። ምክር ቤቱ የሚያወጣው ሕግ ለኮንግረስ ይቀርባል፤ ኮንግረስም ሊሽረው ይችላል። ገመዱ ሲሳብም ታይቷል። በ1995 ከተማዋ በገንዘብ ችግር ስትያዝ ኮንግረስ የቁጥጥር ቦርድ አቆመ፤ ቦርዱ እስከ 2001 ቆየ። በ2023 ምክር ቤቱ ያሻሻለው የወንጀል ሕግ ተሻረ። በኦገስት 2025 ፕሬዚዳንቱ በዚያው በ1973ቱ ሕግ ውስጥ ያለውን አንቀጽ ጠቅሰው የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን በሥራቸው አደረጉ። የሆብሰን ፓርቲ በምርጫ ብዙ ተሸነፈች፤ በዚህ ነጥብ ግን አልተሳሳተችም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ ወዲያው ደግሞ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ያላቸው እንደራሴዎች አሏት፤ በዚህ ከዲሲ ትሻላለች። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን፣ ዲሲ በሴኔት እንደሌለችው ሁሉ፣ እንደ ከተማ ወንበር የላትም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ውጤቱ ያስከተለውን ውዝግብና እስር ሁላችንም እናስታውሳለን። በ1998 ዓ.ም. ፌዴራል መንግሥቱ ባለአደራ አስተዳደር ሾመ፤ ነዋሪው እንደገና ምክር ቤት እስኪመርጥ 2000 ዓ.ም. ደረሰ።

በ2013ቱ ምርጫ ባልደራስ የአዲስ አበባን ራስ ገዝነት ዋና ጉዳዩ አድርጎ ቀረበ፤ መሪው እስክንድር ነጋ ከእስር ቤት ሆኖ ተወዳደረ፤ ፓርቲው አንድም ወንበር አላገኘም። ሁለቱን ከተሞች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ በኦሮሚያ መካከል ትገኛለች፤ ሕገ መንግሥቱም የክልሉን ልዩ ጥቅም ጠቅሷል። የዙሪያዋን ገበሬ መሬትና ጥያቄ ዘሎ የሚያልፍ የራስ ገዝነት ክርክር ጎደሎ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፤ የከተማው ሥልጣን የነዋሪው ነው ወይስ የተዋሰው?

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የ1973ቱ ሕግ ዲሲ ከነዋሪዋ ውጭ ባለ ሰው ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ይከለክላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከግሪንቤልት እየተመላለስን በዲሲ እንሠራለን፣ በመንገዷ እንነዳለን፣ የገቢ ግብራችንን ግን ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ይዘን እንመለሳለን። ስለ አዲስ አበባ ፍትሕ ስንናገር ከዲሲ ጉድለት ተጠቃሚ መሆናችንን ብናስታውስ ክርክራችን ትሕትና ይኖረዋል።

ማታ ባቡሩ ወደ ግሪንቤልት ይመልሰኛል። ይህችን ከተማ በ1930ዎቹ የሠራት ፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ ለነጮች ብቻ ብሎ። በ1952 ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት አብዛኞቹን ቤቶች ከመንግሥት ገዙ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቤቶቹን መልሱልኝ ሊል አይችልም። ሆብሰን ለዲሲ የፈለገው ይህንኑ ነበር። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት፣ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ከአንገት ላይ ስለሚያወልቀው ነው።